የቤት ኮምፒዩተርን ከሩቅ ማብራት፦ በእጅ የሚሠራ ቀላል መቆጣጠሪያ

እዚህ አሽዶድ በፈረቃ የሚሠሩ ወላጆች፣ ቤርሼባ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆች አሉን። የሚያስፈልጋቸው ሰነድ ቤት ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ ይቀርና ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ከሆነ ከሩቅ ሊከፍቱት አይችሉም። በዚህም ምክንያት አንዳንዶች ኮምፒዩተሩን ቀንና ሌሊት ሳያጠፉ ይተዉታል፤ የመብራት ሂሳቡም ይጨምራል። በዛሬው ጽሑፋችን ከሩቅ የሚያበራ መቆጣጠሪያ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምን መንካት እንደሌለብን እናስረዳለን።

የማይነካው

ብዙዎቻችን በመጀመሪያ የምናስበው ለሰንበት የምንጠቀምበትን፣ በዕብራይስጥ «ሸዖን ሻባት» የሚባለውን የሰዓት መሰኪያ ነው። ይህ ለአምፖል ጥሩ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን አይበጅም። ኮምፒዩተሩ እየሠራ መብራቱ በድንገት ቢቋረጥ በመጻፍ ላይ ያለ ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

የግድግዳው መስመር 230 ቮልት ነው፤ ሰው ይገድላል። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው የኤሌክትሪክ ሕግ መሠረትም የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ወይም «ሐሽማላይ» ነው። ስለዚህ መሰኪያውንም ሆነ የኮምፒዩተሩን ፓወር ሳፕላይ ሣጥን ፈጽሞ አንከፍትም።

ቁልፉ እንዴት ይሠራል?

ደግነቱ መክፈት አያስፈልገንም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ካወጣው ኤቲኤክስ ከሚባለው ደረጃ ወዲህ የዴስክቶፕ ኮምፒዩተር የፊት ቁልፍ ዋናውን መብራት አይቆርጥም። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሳለም ፓወር ሳፕላዩ ለማዘርቦርዱ 5 ቮልት ይሰጣል። ቁልፉን ስንጫን ሁለት ትናንሽ ሽቦዎች ለአፍታ ይነካካሉ፤ ማዘርቦርዱም ይህን አይቶ ኮምፒዩተሩን ያስነሳል። የእኛ መቆጣጠሪያ ሥራው ይህንኑ የጣት ጫና መተካት ብቻ ነው።

ከመሥራታችን በፊት

ኮምፒዩተሩ ከራውተሩ ጋር በኬብል ከተገናኘ ምንም መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። «ዌክ ኦን ላን» የሚባለውን ምርጫ በባዮስ ውስጥ እናብራ። ከዚያም በቤቱ መረብ ውስጥ ካለ ሌላ መሣሪያ 102 ባይት የሆነች አጭር መልእክት ትላካለች፤ 6 ባይት መነሻ፣ ቀጥሎም የኮምፒዩተሩ ማክ አድራሻ 16 ጊዜ ተደጋግሞ። ይህ አልሠራ ካለ ወደሚቀጥለው እንሂድ።

አሠራሩ

የሚያስፈልጉን፦ ዋይፋይ ያላት ኢኤስፒ8266 የምትባል ትንሽ ሰሌዳ፣ አንድ ሪሌ፣ የስልክ ቻርጀርና ጥቂት ቀጭን ሽቦ።

1. ኮምፒዩተሩን አጥፍተን ገመዱን ከግድግዳ እንነቅላለን።
2. ማዘርቦርዱ ላይ የፊት ቁልፉ ሁለት ሽቦዎች የተሰኩበትን ቦታ በመመሪያው መጽሐፍ እናገኛለን።
3. ከሪሌው «ኮም» እና «ኤንኦ» ከሚባሉት ቀዳዳዎች ሁለት ሽቦ አውጥተን ከእነዚያ ጋር ጎን ለጎን እናገናኛለን። የድሮው ቁልፍም እንደ ቀድሞው ይሠራል።
4. ሰሌዳዋ ትእዛዝ ሲደርሳት ሪሌውን ለግማሽ ሰከንድ ብቻ እንድትዘጋ እናዛታለን።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ኮምፒዩተሩ በርቶ ሳለ አጭር ጫና አብዛኛውን ጊዜ በሥርዓት እንዲዘጋ ያደርገዋል፤ 4 ሰከንድ ያህል መያዝ ግን በግድ ይቆርጠዋል። እንዲሁም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሪሌው በራሱ እንዳይጫን፣ ኮምፒዩተሩን ሳናገናኝ ቻርጀሩን ደጋግመን ነቅለን በመሰካት እንፈትነው።

በሩን አንክፈት

ከውጭ ለማዘዝ ብለን የራውተሩን በር ለኢንተርኔት መክፈት የቤታችንን ቁልፍ በደጅ እንደ መስቀል ነው። የሚሻለው ቪፒኤን በሚባለው የተዘጋ መንገድ ወደ ቤት መግባት ነው። ራውተሮች ይህን ምርጫ ይዘው የሚመጡም አሉ።

ይህ ዘዴ ለዴስክቶፕ እንጂ ለላፕቶፕ አይሆንም። ሽቦ መንካት የሚያሳስባችሁ ካላችሁ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ጋር አብራችሁ ሥሩ፤ ልጆችም አጠገባችሁ ቆመው ይመልከቱ፤ ኮምፒዩተር ከውስጥ ምን እንደሚመስል በዚህ አጋጣሚ ይማራሉ። መልካም ሥራ!