በረዶው ሥር ያለው ውሃ፦ ስለ በረዷማ ዓለማት ተረትና እውነታ

ከአዳማ ወደ አዋሽ የሚወስደው አስፋልት ወለንጪቲን ሰንጥቆ ያልፋል። ቀትር ላይ አውቶቡስ ሲቆም በረዶ የሠራ ሃይላንድ የያዙ ልጆች ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። «ጋሼ፣ በረዶ ውሃ!» አንዱን ገዝተው ሲይዙት እንደ ነጭ ድንጋይ ነው። ዘንበል ሲያደርጉት ግን መሃሉ ላይ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ በረዶ ያልሠራ ውሃ ነው። ቅዝቃዜው የሚገባው ከውጪ ስለሆነ ዳር ዳሩ ቀድሞ ይጠጥራል፤ የጠጠረው ቅርፊት ደግሞ እንደ ጋቢ ሆኖ የመሃሉን ውሃ ያቆየዋል።

ይህን ጠርሙስ አንርሳው። ጁፒተርንና ሳተርንን ከሚዞሩት ጨረቃዎች መካከል በዚሁ መልክ የተሠሩ አሉ። ስለ እነሱ በሻይ ቤትም፣ በትምህርት ቤትም፣ በስልክ ላይም ብዙ ይወራል፤ መታረም ያለበትም ብዙ ነው። ለማረም ደግሞ የስምጥ ሸለቆ ሰው ጥሩ መነሻ አለው። ሙቀት ከሰማይ ብቻ ሳይሆን ከእግር ሥርም እንደሚመጣ ሶደሬ ፍል ውሃ የታጠበ ሁሉ ያውቃል።

ተረት 1፦ «ከፀሐይ የራቀ ዓለም እስከ እምብርቱ በረዶ ነው»

እውነታው፦ የጁፒተር ጨረቃ የሆነችው ዩሮፓ ገጿ ከዜሮ በታች 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስፋቷ ከእኛ ጨረቃ ጥቂት ያንሳል። ከበረዶ ቅርፊቷ ሥር ግን በምድር ውቅያኖሶች ሁሉ ካለው ውሃ እጥፍ ያህል የሚሆን ጨዋማ ውሃ እንዳለ ይገመታል። ፍንጩን ያገኘችው እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2003 ጁፒተርን የዞረችው ጋሊሊዮ መንኮራኩር ናት። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የጁፒተር መግነጢሳዊ መስክ ሲለዋወጥ የዩሮፓ ውስጥ ልክ ጨዋማ ውሃ እንደሚመልሰው አድርጎ መለሰ።

ታዲያ ውሃው እንዳይጠጥር የሚያደርገው ሙቀት ከየት መጣ? ሽቦ ለመበጠስ ወዲያና ወዲህ ያጠፈ ሰው መታጠፊያው ጣት እስኪያቃጥል ድረስ እንደሚሞቅ ያውቃል። ዩሮፓ ጁፒተርን በሦስት ቀን ተኩል ትዞራለች። መንገዷ ፍጹም ክብ ስላልሆነ አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ ትላለች፤ የጁፒተር ስበትም አንዴ ይለጥጣታል፣ አንዴ ይለቃታል። ጎረቤቶቿ ኢዮና ጋኒሜድ እየሳቡ መንገዷ ክብ እንዳይሆን ስለሚያደርጉ መታሸቱም ሙቀቱም አያቆምም።

ይህ ስሌት ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1979 ፒል፣ ካሰን እና ሬይኖልድስ የተባሉ ሳይንቲስቶች ኢዮ በዚህ መታሸት ውስጧ መቅለጥ እንዳለበት ጽፈው አሳተሙ። ቀናት ሳይቆጠሩ ቮዬጀር 1 መንኮራኩር በአጠገቧ ስታልፍ የሚተፋ እሳተ ገሞራ ፎቶ ላይ ታየ። ዛሬ በኢዮ ካርታ ላይ ኢትዮጵያ ተብሎ የተሰየመ አምባ አለ።

ተረት 2፦ «በረዶ ምን ጂኦሎጂ አለው? ስንጥቅና እሳተ ገሞራ የድንጋይ ነገር ነው»

እውነታው፦ ከዜሮ በታች 160 ዲግሪ ላይ ያለ በረዶ እንደ ዓለት ጠንካራ ነው፤ ይሰነጠቃል፣ ይንሸራተታል፣ ተራራና ሸለቆ ይሠራል። የዩሮፓ ፊት ከዳር እስከ ዳር በረጃጅም ስንጥቆች የተሸነተረ ነው። ኢንሴላደስ የምትባለው የሳተርን ጨረቃ ደግሞ ስፋቷ 500 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለውን መንገድ ቢያህል ነው። በደቡብ ዋልታዋ ጎን ለጎን የተዘረጉ አራት ስንጥቆች አሉ፤ የእያንዳንዳቸው ርዝመት ከአዲስ አበባ ወለንጪቲ ያለውን መንገድ ያህል፣ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካሲኒ መንኮራኩር ከእነዚህ ስንጥቆች የውሃ እንፋሎትና የበረዶ ብናኝ ወደ ጠፈር ሲፈናጠር አየች።

ለእኛ ስንጥቅ የሩቅ ወሬ አይደለም። ወለንጪቲ ያለችው በቦሰት እሳተ ገሞራ ግርጌ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ ከፈንታሌ ተራራ እስከ ዶፈን ተራራ ያለው ምድር ለወራት ሲንቀጠቀጥ መሬት ተሰነጠቀ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንም ከቀያቸው ተፈናቀሉ። ምክንያቱ ቅልጥ ዓለት ከሥር በስንጥቅ ውስጥ እየተገፋ መግባቱ ነው። የሁለቱ መነሻ ግን አንድ አይደለም። የእኛ ስምጥ ሸለቆ የሚሰነጠቀው የምድር ቅርፊት በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ እየተለጠጠ ስለሚሄድ ነው። የኢንሴላደስ ስንጥቆች በሳተርን ስበት በየዙሩ ይከፈታሉ፣ ይጠባሉ፤ ከሥራቸው የሚወጣውም ውሃ እንጂ ቅልጥ ዓለት አይደለም።

ተረት 3፦ «ሶዳ ውሃ የሞተ ውሃ ነው»

እውነታው፦ ካሲኒ ከኢንሴላደስ በተፈናጠረው ብናኝ ውስጥ አልፋ ስትመረምረው የጨው ዓይነቶች አገኘች፤ ከእነሱም አንዱ ከሶዳ የሚገኘው ሶዲየም ካርቦኔት ነው። የኢንሴላደስ ውቅያኖስ ሶዳማ ነው ማለት ነው። ይህን ሶዳ ለማየት መንኮራኩር አያስፈልገንም። የአቢጃታ ሐይቅ ውሃ በገንዳ ተዘርግቶ በፀሐይ ሲደርቅ የሚቀረው ነጭ ሶዳ እሱ ነው።

ታዲያ ሶዳ ሐይቅ ሙት ነው? ከሻላ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ጪቱን ሄዶ ማየት ነው። ውሃዋ ለዓሣ የሚሆን አይደለም፤ ግን ስፓይሩሊና በተባለ ደቂቅ ሕያው ምክንያት አረንጓዴ ነው። ያንን እየለቀሙ የሚኖሩ ፍላሚንጎዎች ዳሯን ሮዝ ያለብሷታል። ደግሞም ሶዳ አንድ ጥቅም አለው። ካርቦኔቱ ካልሲየሙን ስለሚይዘው፣ ካልሲየም ሊያዘቅጠው የነበረው ፎስፌት ሟሙቶ ይቀራል። ፎስፌት ለዲኤንኤም ለአጥንትም ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የሳይንቲስቱ የፍራንክ ፖስትበርግ ቡድን በኢንሴላደስ የበረዶ ብናኝ ውስጥ ፎስፌት ማግኘቱን አሳወቀ፤ መጠኑም ከምድር ውቅያኖሶች ቢያንስ በመቶ እጥፍ እንደሚበልጥ ገመተ።

ተረት 4፦ «ፀሐይ በሌለበት ሕይወት የለም»

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ1977 በጋላፓጎስ አቅራቢያ 2,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ብርሃን ዝር በማይልበት የውቅያኖስ ወለል፣ ፍል ውሃ የሚወጣበት ስፍራ በሕይወት ተሞልቶ ተገኘ። የዚያ ሰፈር የምግብ መሠረት ኬሚካል የሚበሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። እዚያ ያሉት ትልልቅ እንስሳት የሚተነፍሱት ኦክስጅን ፀሐይ ከምታሳድጋቸው ዕፀዋትና አልጌዎች የመጣ መሆኑ አይካድም። ኦክስጅንም ሳይሹ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ሚቴን ለውጠው ጉልበት የሚያገኙ ደቂቅ ሕያዋን ግን አሉ። ካሲኒ በኢንሴላደስ ሦስቱንም፣ ሃይድሮጅኑን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱንና ሚቴኑን አግኝታለች። ሃይድሮጅኑ የሙቅ ውሃና የዓለት መገናኘት ምልክት ሳይሆን አይቀርም። ሚቴን ግን ያለ ሕይወትም ስለሚፈጠር ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ተረት 5፦ «ውሃ ካለ ሕይወት አለ»

እውነታው፦ ብዙዎችን የሚያስተው ይህ ነው፤ መልሱም ከአገራችን ተገኝቷል። በአፋር፣ ከባሕር ወለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘው ዳሎል፣ ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች ይፈላሉ። ውሃ አላቸው፣ ሙቀት አላቸው፣ ማዕድን አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን ከስፍራው የወሰደውን ናሙና በብዙ ዘዴ መርምሮ ውጤቱን አወጣ። እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎችም፣ በማግኒዚየም ጨው በተሞሉት በአጎራባች ሐይቆችም የሚኖር ሕያው ነገር አልተገኘም። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ከዳሎል እጅግ ደቃቅ ሕያዋን አገኘሁ ብሎ ጽፎ ነበር። የእነ ሎፔዝ ጋርሲያ ጥናት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ይዟል፤ የማዕድን እንክብሎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሕዋስ ሊመስሉ ይችላሉ፣ ከውጪ የገባ ብክለትም ያሳስታል።

ውሃ መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ መስማት ለስምጥ ሸለቆ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በወንጂም ሆነ በሌሎች የሸለቆው ከተሞች ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ላይ ማስረጃውን ይዘው ይኖራሉ። የመተሐራው በሰቃ ሐይቅ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ብዙ እጥፍ ሰፍቶ እርሻና የግጦሽ መሬት ዋጠ፤ ውሃው ግን ጨዋማ ስለሆነ ጥም አይቆርጥም። ውሃ መኖሩ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ውስጡ ምን እንደሟሟ ሁለተኛው ነው፤ ጉልበት ከየት እንደሚገኝ ሦስተኛው።

ተረት 6፦ «ናሳ ሕይወት አግኝቶ ደብቋል»

እውነታው፦ ከምድር ውጪ እስካሁን ሕይወት አልተገኘም፤ የተገኘው ለሕይወት የሚያስፈልገው ነገር ነው። ዩሮፓ ክሊፐር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር የተወነጨፈችው ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ የፈንታሌ ምድር በሚንቀጠቀጥበት ወቅት። በ2022 ዓ.ም. ሚያዝያ ጁፒተር ጋ ትደርስና ወደ ሃምሳ ጊዜ ያህል በዩሮፓ አጠገብ ታልፋለች። የሄደችውም ሕያው ፍጥረት ለመያዝ አይደለም። ሥራዋ የበረዶውን ውፍረት፣ የውሃውን ጥልቀትና ኬሚስትሪውን መርምሮ ስፍራው ለመኖር ምቹ መሆኑን ማወቅ ነው። ቤት ተሠርቶ አለቀ ማለት ተከራይ ገባበት ማለት አይደለም።

ለአዳማ፣ ለወለንጪቲ፣ ለመተሐራና ለዝዋይ መምህራን አንድ አደራ አለኝ። ስለ በረዷማ ዓለማት ስታስተምሩ ከውጭ አገር ሥዕል አትጀምሩ። አንድ ሃይላንድ ውሃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ክተቱና ግማሽ መንገድ ላይ አውጥታችሁ ለተማሪዎቻችሁ አሳዩአቸው። ሽቦ አስጨብጧቸውና እያጣጠፉ ሙቀቱን ይንኩት። የአቢጃታን ሶዳ፣ የሶደሬን ፍል ውሃ፣ የዳሎልን ኩሬ አንሡላቸው። ከዚያ ጁፒተር በምትታይበት ጥርት ያለ ሌሊት መልካም ባይኖክላር አስደግፋችሁ ወደ ሰማይ አስመልክቷቸው። ከጁፒተር ጎን ከሚታዩት አራት የብርሃን ነጥቦች አንዷ ዩሮፓ ናት።