የቤት ጥራጊና የጓሮ አፈር

በብዙው የደጋ አገራችን ኩበት ለማገዶ ስለሚነድ ናይትሮጂኑ ከጢሱ ጋር ይጠፋል፤ ማሳውም ምግቡን ያጣል። በጉራጌ ግን የእንሰት ጓሮ ለምቶ የሚኖረው ፍግና ጥራጊ ስለሚመለስለት ነው። ኩበቱን ለምድጃ የሚፈልግ ቤተ ሰብም ጓሮውን በብስባሽ ሊመግብ ይችላል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በጥላ ሥር ገለባና ደረቅ ቅጠል፣ በላዩም የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላና እርጥብ ሣር እያፈራረቁ አንድ ሜትር ያህል መከመር ነው፤ ደረቁ ከእርጥቡ ይብለጥ። ክምሩ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ይርጠብ፤ ውሃ ከበዛበት አየር ያጥረውና ይከረፋል። በየሁለት ሳምንቱ ሲገላበጥ ተሐዋስያኑ ውስጡን ያሞቁታል፤ ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ከሰነበተ አብዛኛው የአረም ዘር ይሞታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ጠቁሮ አፈር አፈር ሲሸት ከመደቡ አፈር ጋር ይደባለቃል።