ልብ ሲያርፍ ምን ይሠራል?

የልብ ሥራ ደምን መግፋት ብቻ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ልብ የሚገፋው አስቀድሞ የተቀበለውን ነው፤ መቀበል የሚችለውም ጡንቻው ሲላላ ነው። በደቂቃ 70 ጊዜ የሚመታ ልብ ለአንዱ ምት የሚያገኘው ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ሲሆን፣ ከዚሁም የሚበዛው ለመላላትና ለመሙላት ይውላል። ይህም ዕረፍት ሥራ መፍታት አይደለም፤ ጡንቻውን ያኰማተረው ካልሲየም ወደ ጎተራው እስኪመለስ ድረስ ኃይል ይወጣበታል። የልብ ግራ ክፍል ራሱ ደም የሚያገኘውም አብዛኛውን በዚሁ ጊዜ ነው።

ታዲያ የደም ሥርን የሚያሰፉ መድኃኒቶች ለዚህ ዕረፍት ምን ይረዱታል? ለምሳሌ ናይትሮግሊሰሪንን እንውሰድ። ኢጣሊያዊው አስካኒዮ ሶብሬሮ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1847 ሠራው፤ አልፍሬድ ኖቤል ድማሚት አደረገው፤ በ1879 ደግሞ የለንደኑ ሐኪም ዊሊያም መረል ለልብ ውጋት መድኃኒት መሆኑን ገለጠ። ኖቤልም በስተርጅናው ልቡን ሲያመው ሐኪሞቹ ይህንኑ አዘዙለት።

ኪኒኑ ከምላስ ሥር ሲሟሟ ይበልጡን የሚያሰፋው ደም መላሽ ሥሮችን ነው። ደም በእነርሱ ውስጥ ስለሚቆይ ወደ ልብ የሚመለሰው ይቀንሳል፤ በልብ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ይላል፤ ግድግዳው ከመወጠር ያርፋል፤ ውጋቱም ይታገሣል።

ነገር ግን ለብዙ ዓመት የቆየ የደም ብዛት ግድግዳውን ያደነደነበት ልብ እንዲህ አይደለም። እንደ ልብ ስለማይላላ፣ ለመሙላት ከፍ ያለ ግፊት ይሻል። የሚመጣለት ደም ከመጠን በላይ ሲቀንስ የሚገፋውም ያንሳል፤ ባለቤቱም ይዞርበታል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። በ2015 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ልባቸው በደኅና እየገፋ ለመሙላት ለሚቸገር ሕሙማን ከዚሁ ወገን የሆነ መድኃኒት ቢሰጣቸው፣ የዕለት እንቅስቃሴያቸው አልጨመረም። የደጁን መንገድ ማስፋት ጠባቡን ቤት አያሰፋውምና!

ስለዚህ ለጎረቤት የታዘዘውን ኪኒን «ለልብ ነው» ብሎ መዋጥ አደጋ ነው። የደም ብዛት ብዙ ጊዜ ሳያሳምም ይኖራል፤ ቀድሞ ተለክቶ በሐኪም ትእዛዝ በየዕለቱ ቢታከሙት ግን የወፈረው ግድግዳ እንኳ ከጊዜ ብዛት ሊሳሳ ይችላል። እኛ ወጣቶች «ጤነኛ ነኝ» ከማለታችን በፊት ክንዳችንን ለመለኪያው እንዘርጋ፤ ልባችን ማረፍ የሚችልበት ዘመን እንዲረዝም።