ለአራሷ የተላከው የስምምነት ወረቀት

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ስድስት ዓመት የሠራች የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። ደመወዟ 12,000 ብር ነው፤ ከወለደች ሁለት ወር ሆኗታል። ከመሥሪያ ቤቷ አንድ ወረቀት ይደርሳታል፦ «በስምምነት እንለያይ፤ የሦስት ወር ደመወዝ እንከፍልሻለን፤ እስከ ዓርብ ፈርሚ።» 36,000 ብር በአንድ ጊዜ ለአራስ ቤት ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን በልኩ እንመዝነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድን ሠራተኛ በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ ማሰናበትን ይከለክላል። ልዩ ሁኔታ የሚሆኑት ከወሊዱ ጋር ያልተያያዘ ከባድ ጥፋትና የሠራተኛ ቅነሳ ናቸው፤ በቅነሳም ቢሆን ተራዋ መጨረሻ ላይ ነው። እንግዲህ አሠሪው በራሱ ሥልጣን ማድረግ ያልቻለውን በእሷ ፊርማ ሊያደርገው ፈልጓል። ያ ፊርማ ውድ ነው።

የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ለእሷ 12,000 እና አምስት ጊዜ 4,000፣ በድምሩ 32,000 ብር ይሆናል። አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የሥልጠና ውል ግዴታ ከሌለበት በገዛ ፈቃዱ ቢለቅም ይህን ክፍያ ያገኛል። ስለዚህ «የሦስት ወር ደመወዝ» የተባለው ስጦታ በእውነቱ 4,000 ብር ብቻ ነው! ይህን ሳሰላው አንጀቴ ያርራል። ቅነሳ ነው ቢሏት እንኳ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርና 56,000 ይደርሳል። ከሕግ ውጭ ቢያሰናብቷትና ፍርድ ቤት ወደ ሥራ ካልመለሳት ደግሞ የ180 ቀን ካሳ 72,000፣ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ 24,000፣ ከስንብቱ ጋር 128,000 ብር ነው። ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ ለብቻው ይታሰባል።

ክርክር ጊዜ ስለሚወስድ ከ128,000 ዝቅ ብሎ መስማማት ነውር የለውም። ነገር ግን ሌላ ሥራ በማግኘት በኩል ደብረ ታቦር አዲስ አበባ አይደለችም። የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልጉ የግል ቀጣሪዎች ጥቂት ናቸው፤ ሰፋ ያለው ገበያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባሕር ዳር ነው። ሕፃኑን የሚይዙላት ከፋርታ የመጡት እናቷ ናቸው፤ እሳቸው ጓሯቸውንና ገብሳቸውን ትተው ባሕር ዳር አይከተሏትም። ለእሷ ሥራ ማጣት ማለት ከደመወዙ ጋር ይህን ድጋፍም ማጣት ነው፤ በድርድሩ ውስጥ መቆጠር አለበት።

(ከላይ ያለው ስሌት በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የሚተዳደሩትን አይመለከትም።)

በስምምነት መለያየት በጽሑፍ ካልሆነ ሠራተኛውን አያስገድደውም፤ ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት መተዉም ዋጋ የለውም። ሆኖም የስንብት ክፍያ በሚያስገኙት ምክንያቶች ዝርዝር ውስጥ «ስምምነት» በስሙ አልተጠቀሰም። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍያ በብር ተለይቶ በወረቀቱ ላይ ይስፈር። «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለም ታሰርዘው።

ዓርብ የአሠሪው ቀን ነው፤ ሕጉ እንዲህ ያለ ቀን አልቆረጠላትም። የሕጉ ቀኖች ሌሎች ናቸው፦ ከተሰናበተች ወደ ሥራ ለመመለስ በሦስት ወር፣ ለክፍያ በስድስት ወር ውስጥ መክሰስ አለባት። ለዚህም የዳኝነት ክፍያ አትጠየቅም። አሁን ግን በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች ሠራተኛ ናት። መልሷም አጭር ሊሆን ይችላል፦ «ወረቀታችሁ ደርሶኛል። ስንብቱን፣ ካሳውን፣ የማስጠንቀቂያውንና የዓመት ፈቃዱን ክፍያ ለየብቻ ጻፉልኝ። ገንዘቡ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ፣ ከሥራ ልምድ ማስረጃዬ ጋር ይሁን። እስከዚያ አልፈርምም።»