«ፈሪ ለእናቱ» የተባለው ጀግና

ለመሆኑ ጀግና መሆን የማይፈልግ ጀግና አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠመንጃ ሲያቀብሉት እጁን የሚሰበስብ፣ ቀረርቶው ሲደምቅ በጓሮ በር ሹልክ የሚል? እኔ ሰሞኑን አንድ እንዲህ ያለ ሰው በደብዳቤ ደርሶኛል። ግን አትደንግጡ፣ ገና በመጻፍ ላይ ያለ የልብ ወለድ ባለታሪክ ነው!

ጸሐፊው የዛሪማ ልጅ ነው። ዛሪማ ማለት ከደባርቅ ተነስታችሁ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ስትወርዱ፣ ብርዱ አልቆ ቆላው ሲቀበላችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። ባለታሪኩ የአይሱዙ ረዳት ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በዚያ በኩል ሲያልፍ ታላቅ ወንድሙ ሞቶበታል። እኩዮቹ «የወንድምህን ደም መልስ!» ይሉታል። እሱ ደግሞ እናቱን ትቶ አልሄድም ብሏል።

«አርባ ገጽ ሙሉ 'ልሂድ ወይስ ልቅር' እያለ ያስባል» ይላል ደብዳቤው። «ጓደኞቼ አንብበው 'ይሄማ ፈሪ ነው፣ ቀይረው' አሉኝ። ልቀይረው?»

ኧረ እንዳትቀይረው ወንድሜ! እኔ የሥነ ጽሑፍ ሊቅ አይደለሁም፣ ትምህርቴም ከአስራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። በልብ ወለድ ንባብ ግን አልታማም። እስቲ የምንወዳቸውን መጻሕፍት አስታውስ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ስለቱና ፍቅሩ አንድ ልብ ውስጥ ይተናነቃሉ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ውስጥ ደግሞ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ይላካል። ሥራው ዘመቻውን ማድመቅ ነው፤ ዓይኑ የሚያየው ግን ሌላ ነው። እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ቀርታለች፣ አስመራ ላይ ፊያሜታ ገጥማዋለች። ደራሲው ራሱ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁንም ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሲጽፍ ርዕሱ ላይ ያስቀመጠው ጎራዴያቸውን ሳይሆን ዕንባቸውን ነው፦ «የቴዎድሮስ ዕንባ»።

ታዲያ ያንተ ባለታሪክ ምን ጎደለው?

አንደኛ፣ እምቢታው ዋጋ ያስከፍለው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ማንም ካልነካው ማን ያዝንለታል? ሾፌሩ ከሥራ ያባርረው፣ የሚወዳት ልጅ ፊቷን ታዙርበት። መሄዱም ዋጋ ይኑረው፤ እናቱ አንድ ልጅ ቀብራለችና። ሁለቱም መንገድ የሚያሳጣው ነገር ሲኖር ነው አንባቢ እንቅልፍ የሚያጣው።

ሁለተኛ፣ አርባውን ገጽ ሐሳብ ወደ አራት አውርደው። የቀረውን እጁ ይናገር። የወንድሙን ጫማ ለብሶ እስከ መኪናው ይሂድ፣ ሊማሊሞ አጋማሽ ላይ «ወራጅ አለ!» ይበል። በእግሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልቡ ውስጥ ያለውን ሳትነግረን እናውቀዋለን።

ሦስተኛ፣ «ፈሪ ለእናቱ» የሚለውን ተረት ከሁለት አፍ አሰማን። ጠጅ ቤት ሲባል ስድብ ነው። ማታ እናትየው ቡና እያፈላች በልቧ ስትለው ግን ጸሎት ነው። ትግሉ ያለው እዚያ መሀል ነው!

አንድ ነገር ግን አደራ፦ በመጨረሻው ምዕራፍ ለጓደኞችህ ብለህ ጠመንጃ እንዳታሸክመው። ከሄደም ራሱ ወስኖ ይሂድ፣ ከቀረም ራሱ ወስኖ ይቅር። ሰው ሁሉ «ሂድ» ሲል አደባባይ ቆሞ «አልሄድም» ማለት ወኔ አይጠይቅም ያለው ማነው?

ደብዳቤው መጨረሻ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር አለች፦ «አንዳንዴ ልጁ እኔን ይመስለኛል»። ወንድሜ፣ ገምቼ ነበር። እንግዲያው እሱን «ፈሪ» ለማለት አትቸኩል። መጀመሪያ አዳምጠው፣ ከዚያ ጻፈው።

እናንተስ አንባብያን፣ የሰፈር አፍና የእናት ዓይን መሀል ቆማችሁ አታውቁም? ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!