ስትሮክ የመታውን እጅ ሥራ አናስፈታው

አባት ወይም እናት በስትሮክ ተመትተው አንድ እጃቸው አልታዘዝ ሲላቸው፣ ማጉረስና ማልበስ፣ ውዱእ ማስደረግም ትልቅ ኸይር ሥራ ነው። ነገር ግን ሁሉንም እኛ ከሠራንላቸው የደከመው እጅ ጭራሽ ሥራውን ይረሳል።

በስትሮክ የሞተው የአንጎል ክፍል ተመልሶ አይድንም። ሆኖም በአላህ (ሱ.ወ) ጥበብ፣ ጤነኛው ክፍል በተደጋጋሚ ልምምድ የጠፋውን ሥራ በከፊል ሊረከብ ይችላል። እ.ኤ.አ በ2006 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ስትሮክ ከያዛቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸውን 222 ሕሙማን አካቷል። ከፊሎቹ ለ2 ሳምንት ጤነኛ እጃቸው ላይ ጓንት አጥልቀው በደካማው እጅ በብርቱ ተለማመዱ። እነዚህ በተለመደው ሕክምና ከቆዩት ይበልጥ ተሻሻሉ፤ ለውጡም ከዓመት በኋላ አልጠፋም።

ዘዴው ጣትና አንጓቸውን በጥቂቱም ቢሆን ለሚያንቀሳቅሱ ነው። ሕመምተኛው ሊወድቅ ስለሚችል ያለ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጤነኛውን እጅ አትሰሩ። በቤት ግን ተምር ከሳህን ማንሳትን፣ ፎጣ ማጠፍን፣ በውዱእ ጊዜ ፊትን ማበስን በደካማው እጅ ይሞክሩ። እኛም ቶሎ ከመንጠቅ ሶብር አድርገን እንጠብቃቸው። አላህ ለሕሙማኖቻችን ዓፊያ ይስጥልን፤ አሚን።