«ትዝታን ገደልከው!»

መቼም የአባትና የልጅ ኩርፊያ ሰበብ አያጣም፡፡ በገንዘብ ነው፣ በሴት ነው፣ በመጠጥ ነው ስንል የአንዱ ጓደኛዬ ደግሞ በትዝታ ሆነላችሁ! ልጁ ማታ ማታ ክለብ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል፡፡ አባቱ በወጣትነታቸው በኦርኬስትራ አኮርዲዮን ይጫወቱ ነበር፡፡ ታዲያ በእህቱ ሠርግ ላይ አባቱ የሚወዱትን ትዝታ ከላቲን ጃዝ ጋር ለውሶ ለቀቀው፡፡ አባት «ገደልከው!» ብለው ከአዳራሹ ወጡ፡፡ ይኸው ስምንት ወራቸው፣ ሰላምታ እንኳ የለም፡፡

«ልተወው ወይስ ልቀጥል?» አለኝ ባለፈው ሰሞን፡፡ እኔ ኖታ የማላነብ፣ ትምህርቴም 12ኛ ክፍል ላይ ያበቃ ሰው ምን ልበለው? ስልኬን አወጣሁና የፓብሎ ዚግለርን ትሪዮ ከፈትኩለት፡፡

ዚግለር የቦነስ አይረስ ልጅ ነው፡፡ እሱ ፒያኖ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ጊታርና ባንዶኔዮን ይጫወታሉ፡፡ ባንዶኔዮን የአኮርዲዮን ዘመድ ናት፤ እንደ ወናፍ እየተሳበች እየተገፋች፣ በሁለት ጎኗ ያሉትን ቁልፎች ሲጫኗት ታለቅሳለች፡፡ ታንጎው አለ፣ ሚሎንጋ አለ፣ ብሉዝም ብቅ ይላል፤ በመሐሉ ደግሞ እንደ ጃዝ ሰዎች ያልተጻፈውን እዚያው እየፈጠሩ ይጫወታሉ፡፡ «ጃዝ ታንጎ» የተባለው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ2018 በላቲን ጃዝ ዘርፍ ግራሚ ተሸልሟል፡፡

«ታንጎ ወዳዶቹ ዝም አሏቸው?» አለኝ፡፡

ዝምማ አላሉም! ዚግለር ከ1978 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል የተጫወተው በአስቶር ፒያሶላ ክዊንቴት ውስጥ ነው፡፡ ይህ ፒያሶላ በ1955 ስምንት ሰው ሰብስቦ ኤሌክትሪክ ጊታር ታንጎ ውስጥ ሲያስገባ ምን ተባለ መሰላችሁ? የታንጎ ነፍሰ ገዳይ! ስምንቱን ምት ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት አድርጎ ሲከፍለው «ይሄ አይጨፈርበትም» አሉት፡፡

የሚገርመው ግን ታንጎ ራሱ ድብልቅ ነው፡፡ የጥቁሮቹ የካንዶምቤ ከበሮ፣ የኩባ ሃባኔራ፣ ከኢጣሊያና ከስፔን የፈለሰው ሕዝብ ዜማ በቦነስ አይረስና በሞንቴቪዲዮ ሰፈሮች ተገናኝተው የወለዱት ነው፡፡ ባንዶኔዮኗም ብትሆን የጀርመን ሥሪት ናት፡፡ እንግዲህ ንጹሑ የቱ ነው? የኛው ሙላቱ አስታጥቄም ቢሆን በ1966 ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን ሲያስቀርጽ ማንንም አላስፈቀደ!

ጓደኛዬን ግን ዝም ያሰኘው ይሄ አይደለም፡፡ የፒያሶላን አባት ታሪክ ስነግረው ነው፡፡ ኒውዮርክ ሲኖሩ ልጁ ስምንት ዓመት ሲሆነው፣ ዕቃ አስይዘው ገንዘብ ከሚበደሩበት ሱቅ በ18 ዶላር ያሮጌ ባንዶኔዮን የገዙለት አባቱ ናቸው፡፡ የሚወዱት የድሮውን ታንጎ ነበር፡፡ ልጃቸው በ1959 ለሥራ ፖርቶ ሪኮ ሳለ የአባቱን መርዶ ሰማ፡፡ ቀብራቸው ላይ አልደረሰም፡፡ ኒውዮርክ ተመልሶ በር ዘግቶ «አዲዮስ ኖኒኖ»ን ጻፈ፤ «ኖኒኖ» የአባቱ የቤት ስም ነው፡፡

«እሳቸው አልሰሙትማ» አለኝ ጓደኛዬ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፡፡

«አልሰሙትም፡፡»

«ቀርጬ በቴሌግራም ልላክለት?»

«እንዴ! አባትህ እኮ ናቸው! ኪቦርድህን ተሸክመህ ሂድ፡፡ መጀመሪያ ትዝታውን እሳቸው እንደሚያውቁት አድርገህ ተጫወት፣ የራስህን ቀጥል፡፡ ደግሞ ‹ይቅርታ አጠፋሁ› ብለህ እንዳትጀምር፤ ያጠፋኸው ነገር የለም፡፡ ‹ይስሙልኝና ይፍረዱ› በላቸው፡፡»

እሑድ ሄደ፡፡ አባት ቡናቸው እስኪቀዘቅዝ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሰሙት፡፡ ሲጨርስ ብድግ ብለው ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አቧራ የጠጣውን የአኮርዲዮን ሣጥን አወረዱና፣

«መሐል ላይ ያስገባሃት ነገር ቸኩላለች፤ እስቲ ድገማት» አሉት አሉ፡፡